ሐብሐብም ሞገድ ይሰጣል፦ የአንጎልን የድምፅና የእይታ ምላሽ ስለመለካት

ኤሌክትሮዶቹን በሰው ራስ ፋንታ አንድ ሐብሐብ ላይ ለጥፉ፣ ማዳመጫውን አጠገቡ አኑሩና ክሊክ የሚባለውን እጅግ አጭር ድምፅ ሁለት ሺህ ጊዜ አሰሙት። ስክሪኑ ላይ ጉብታና ስርጉድ ያለው መስመር ይወጣል። የአማካይ ስሌት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ የሰጡትን ደምሮ ያካፍላል፣ የተረፈውን ይስላል። ጀማሪ ባለሙያ ደግሞ ከዚያ መስመር ላይ “ይቺ 5ኛዋ ሞገድ ናት” ብሎ ለመጠቆም አፍታ አይፈጅበትም። በዚህ ሥራ ሞገድ ማግኘት ቀላል ነው። የሚያደክመው ሞገዱ ከገመድ፣ ከአንገት ጡንቻ ወይም ከግድግዳው ሶኬት ሳይሆን ከአንጎል መምጣቱን ማሳየት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚሁ ዙሪያ ነው።

መጠኑን እናስቀድም። ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካው የዘወትር የአንጎል ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ኢኢጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ይሆናል። አንጎል ለዳማ ሰሌዳ ምስል የሚሰጠው ምላሽ 10 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። የአንጎል ግንድ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ግን ግማሽ ማይክሮቮልት እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ይበዛል፤ ዓይን አንዴ ሲርገበገብ የሚፈጥረው ቮልቴጅ ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ሃንስ በርገር በጀርመኗ የና ከተማ የመጀመሪያውን የሰው ኢኢጂ በ1924 እ.ኤ.አ. ሲቀዳ (ያሳተመው በ1929 ነው) ይህን የመሰለ ትንሽ ምላሽ ለይቶ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። መንገዱን የከፈተው ጆርጅ ዶሰን ነው። መጀመሪያ በ1947 ብዙ ቅጂዎችን እርስ በርስ ደራርቦ በፎቶ አነሳ፤ በ1951 ደግሞ የሚደምር መሣሪያ አሳየ። ሐሳቡ ዛሬም አልተለወጠም፦ ምላሹ ከቀስቃሹ (ከክሊኩ ወይም ከምስሉ) በኋላ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይመጣል፣ ረብሻው ግን ሰዓት የለውም። ቅጂውን ለእያንዳንዱ ቀስቃሽ አንድ ቁራጭ አድርገን፣ ቁራጮቹን ከቀስቃሹ ቅጽበት ጀምሮ አሰልፈን ስንደምር ረብሻው እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ምላሹ ይቀራል።

ይህ መጣፋት ግን ቀርፋፋ ነው። ረብሻው የሚቀንሰው በቁራጮቹ ብዛት ልክ ሳይሆን በብዛቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ከማጣሪያ በኋላ 5 ማይክሮቮልት ረብሻ አለ እንበል። ከ100 ቁራጭ በኋላ 0.5 ይሆናል፣ ከ2000 በኋላ 0.11፣ ከ8000 በኋላ 0.056። በሰከንድ 21.1 ክሊክ እያሰማን 2000 ቁራጭ ለመሰብሰብ 95 ሰከንድ ይበቃል፤ 8000 ግን ከ6 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ረብሻውን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል ማለት ነው። የተመርማሪውን አንገት በትራስ ደግፎ ጡንቻውን ማላላት ያንኑ ግማሽ በአንድ ደቂቃ ሊያስገኝ ይችላል። “ቁጥሩን ልጨምር” ከማለት በፊት “ምንጩን ልፈልግ” ማለት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሰዓት የሚጠብቅ ረብሻ

ረብሻ ሰዓት የለውም አልኩ። አንዱ ግን አለው፦ የመብራት ኃይሉ። 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ክሊኩን በሰከንድ 10 ጊዜ ብታሰሙ በሁለት ክሊክ መካከል ያለው 100 ሚሊሰከንድ ልክ አምስት ዙር ይሆናል። የመብራቱ ሞገድ በየቁራጩ በተመሳሳይ ቦታ ስለሚወድቅ አማካዩ ከማጥፋት ይልቅ ያደምቀዋል። በሰከንድ 25 ላይም እንደዚያው ነው። መሣሪያዎቹ 11.1፣ 21.1፣ 27.7 የሚሉ ጎደሎ የሚመስሉ ቁጥሮች የሚያቀርቡት ለዚሁ ነው፤ ቁጥሩን “ለማስተካከል” ብሎ ወደ 25 ወይም 10 ማጠጋጋት ችግሩን መጋበዝ ነው።

በእይታ ምርመራ ወጥመዱ ይበልጥ የተደበቀ ነው። ዳማ ሰሌዳው በሰከንድ ሁለት ጊዜ እንዲገለባበጥ ይመከራል፣ ግማሽ ሰከንድ ደግሞ የ50 ኸርዝ ልክ 25 ዙር፣ የ60 ኸርዝ ልክ 30 ዙር ነው። መፍትሔው ትንሽ ማዛነፍ ነው፤ ዓለም አቀፉ መመዘኛ ከ1.8 እስከ 2.2 ይፈቅዳል። ነገር ግን ስክሪን የሚገለባበጠው በፍሬም ቁጥር ብቻ ነው። በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ በየ32 ፍሬሙ ብትገለብጡ 533.3 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 1.875 ይሆናል። ይህ ለ50 ኸርዝ መብራት 26.67 ዙር ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ለ60 ኸርዝ መብራት ግን በድፍኑ 32 ዙር ነውና ከችግሩ አልወጣችሁም። እዚያ ስክሪኑን 75 ኸርዝ ላይ አድርጎ በየ39 ፍሬሙ መገልበጥ ይሻላል፦ 520 ሚሊሰከንድ፣ 31.2 ዙር። ይኸው ቅንብር 50 ኸርዝ ወዳለበት ቢወሰድ ልክ 26 ዙር ሆኖ ይበላሻል። ከሌላ አገር የተቀዳን ቅንብር ሳያሰሉ መጠቀም የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው።

የ50 ኸርዝ ቆራጭ ማጣሪያ (ኖች የሚሉት) አብርቶ መገላገልስ? አይሆንም። ማጣሪያው ራሱ ከእያንዳንዱ ስለታም ለውጥ በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ የምላሹን ቅርፅም ጫፉ የሚደርስበትንም ጊዜ ያዛባል። ለዕለት ተዕለት ኢኢጂ ይታገሱታል፤ ለዚህ ሥራ ጠፍቶ ይቀመጥ።

ኤሌክትሮድ

ቦታውን በዓይን ግምት መምረጥ የተለመደ ስንፍና ነው። ሜትር ይዛችሁ ከአፍንጫ ሥር ስርጉድ አንስቶ በአናት በኩል ከኋላ እስካለው የአጥንት ጉብታ ድረስ ለኩ። ርዝመቱ 36 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ከኋላው ጉብታ 10 በመቶ ማለትም 3.6 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ያለው ነጥብ ኦዜድ ነው፤ የእይታ ምላሽ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ከአፍንጫ ሥር 30 በመቶ፣ ማለትም 10.8 ሴንቲሜትር ላይ ደግሞ ማነጻጸሪያው ኤፍዜድ አለ። ለድምፅ አንዱን ኤሌክትሮድ አናት ወይም ከፍ ያለው ግንባር ላይ፣ ሌላውን ድምፅ ከሚሰማው ጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ወይም ጉትቻ በሚንጠለጠልበት የጆሮ ጫፍ ላይ፣ ግራውንዱን (የጋራ መነሻ የሚሆነውን ኤሌክትሮድ) ዝቅ ያለው ግንባር ላይ ማድረግ ይበቃል። ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ይልቅ የጆሮ ጫፍ ይመረጣል ብዬ አምናለሁ፤ ከጡንቻው ይርቃል፣ 1ኛዋ ሞገድም ጎላ ትላለች።

ቆዳውን በአልኮል ጠርጉ፣ በማሻሻ ጄል ቀላ እስኪል ሳይሆን እስኪለሰልስ ብቻ እሹ፣ ከዚያ የኤሌክትሮዱን ጽዋ በፓስታ ሙሉ። ፓስታው ከጽዋው ዳር ብዙ እንዳይፈስ፤ ሁለት ኤሌክትሮዶች በፓስታ ድልድይ ከተገናኙ በመካከላቸው የሚለካ ነገር አይኖርም፣ መስመሩም በሚያሳስት ሁኔታ “ንጹህ” ይሆናል። ኢምፔዳንሱ (ቆዳውና ኤሌክትሮዱ ኤሌክትሪክን የሚቋቋሙበት መጠን) ከ5 ኪሎ ኦም በታች ይሁን። ከዝቅተኝነቱ በላይ ግን እኩልነቱ ያስፈልጋል። አንዱ 1 ሌላው 5 ከሚሆኑ፣ ሁለቱም 4 ቢሆኑ እመርጣለሁ። ማጉያው የሚሠራው በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን ልዩነት እየወሰደ ነው፤ በአካሉ ላይ በእኩል የሚያርፈው የመብራት ረብሻ በሁለቱም በኩል በእኩል ከገባ ይጣፋል። ኢምፔዳንሱ ከተበላለጠ እኩል የነበረው ረብሻ እኩል ሆኖ አይደርስም፣ ልዩነቱም እንደ ምላሽ ጎልቶ ይወጣል።

ብርና ወርቅ አታደባልቁ፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨዋማ ፓስታ ውስጥ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፣ መስመሩም ይንሳፈፋል። ገመዶቹን አንድ ላይ ጎንጉኑ፣ ከኃይል ገመድ አርቁ፣ መሻገር ግድ ከሆነም በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሻገሩ። ስልክ ከክፍሉ ይውጣ።

ድምፅ

ዶን ጀዌትና ጆን ዊሊስተን በ1971 የአንጎል ግንድን የድምፅ ምላሽ በሰው ላይ በዝርዝር ሲገልጹ ሞገዶቹን በሮማውያን ቁጥር ሰየሟቸው፤ እስካሁን ስያሜው የእነሱ ነው። 1ኛዋ ከመስሚያው ነርቭ፣ በውስጥ ጆሮ በኩል ካለው ጫፉ ትመጣለች፤ 3ኛዋና 5ኛዋ ወደ ላይ ባሉት የአንጎል ግንድ መተላለፊያዎች ይፈጠራሉ። ሁሉም ነገር በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያልቃል።

መነሻው ቀላል ነው፦ 100 ማይክሮሰከንድ የሚረዝም ክሊክ፣ 80 ዴሲቤል (ዜሮው ጤነኛ ጎልማሶች ክሊኩን መስማት የሚጀምሩበት መጠን ነው)፣ በሰከንድ 21.1 ወይም 11.1፣ ማጣሪያ ከ100 እስከ 3000 ኸርዝ፣ ማጉያ 100,000 እጥፍ፣ ከ+25 ማይክሮቮልት በላይ ወይም ከ-25 በታች የወጣ ቁራጭ ይጣል፣ 2000 ቁራጭ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። በጤነኛ ጎልማሳ 1ኛዋ 1.6፣ 3ኛዋ 3.7፣ 5ኛዋ 5.6 ሚሊሰከንድ አካባቢ ትደርሳለች። ከ1ኛዋ እስከ 5ኛዋ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የሁለቱ ጆሮ 5ኛ ሞገድ ከ0.4 ሚሊሰከንድ በላይ ከተለያየና የመስማት አቅማቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ በነርቩ መንገድ ላይ ችግር ስለመኖሩ ማሰብ ይገባል። አራስ ሕፃን ላይ ግን እነዚህን ቁጥሮች አታምጡ፤ ከ1ኛዋ እስከ 5ኛዋ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ የሚፈጅባቸው ሲሆን ወደ ጎልማሳው መጠን የሚቀርቡት ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አካባቢ ነው።

ከክሊኩ በፊት ጆሮውን በመብራት እዩ። ኩክ የሞላው ጆሮ ሁሉንም ሞገድ አብሮ ያዘገያል፤ በሞገዶቹ መካከል ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። ይህ ራሱ ጥሩ መለያ ነው፦ ሁሉም እኩል ከዘገዩ መጀመሪያ ጆሮውን፣ በመካከላቸው ያለው ከተለጠጠ ነርቩን ተጠራጠሩ። ጆሮ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ ማዳመጫ ከላይ ከሚደፋው ይመረጣል። አንደኛ፣ የሕፃን ለስላሳ የጆሮ ቦይ አይደፈጠጥም። ሁለተኛ፣ ድምፁ በቱቦው ለመጓዝ 0.9 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት የድምፅ ማመንጫው ኤሌክትሪካዊ ረብሻ ከ1ኛዋ ሞገድ ይቀድማል እንጂ አይጋጭም። ሶፍትዌሩ ያንን መዘግየት ይቀንስ አይቀንስ ግን እወቁ፤ ማዳመጫ ለውጦ ቅንብር ሳይለውጡ መቅዳት መዘግየቱን ሁሉ በአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ያዛንፋል። የማመንጫውን ሳጥን ደግሞ ኤሌክትሮዱ አጠገብ አታኑሩት፣ ገመዱም ከኤሌክትሮድ ገመድ ጋር አይጎዳኝ።

አሁን ወደ ሐብሐቡ እንመለስ። ከምርመራው በኋላ ምንም ሳትነኩ የድምፅ ቱቦውን አጥፋችሁ ቆንጥጡና አንድ ተጨማሪ ቅጂ ውሰዱ። ማሽኑ ክሊኩን ይልካል፣ ጆሮው ግን አይሰማም። በዚህ ቅጂ ላይ የቀረ ማንኛውም ጉብታ የአንጎል አይደለም። 95 ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ብዙ ቦታ ግን “ጊዜ የለም” ተብሎ ይታለፋል። በእኔ እይታ ይህ ቅጂ የሌለው አጠራጣሪ ውጤት ባይጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ፈተና ድምፁን መቀነስ ነው። እውነተኛዋ 5ኛ ሞገድ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ በየእርምጃው በ0.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ ቀኝ ትሸሻለች፣ ልትጠፋ ስትቃረብ 8 ሚሊሰከንድ አካባቢ ትደርሳለች። ከቦታዋ የማትነቃነቅ “5ኛ ሞገድ” 5ኛ ሞገድ አይደለችም። የመስማት ዝቅተኛ ደረጃ ሲፈለግ የታችኛውን የማጣሪያ ድንበር ከ100 ወደ 30 ኸርዝ አውርዱት፤ ደካማዋ 5ኛ ሞገድ ሰፊና ዘገምተኛ ስለሆነች 100 ኸርዝ ግማሽ አካሏን ይቆርጣል። ለ500 ኸርዝ አጭር ቃና መስኮቱ (ከቀስቃሹ በኋላ የሚቀዳው ጊዜ) ቢያንስ 20 ሚሊሰከንድ ይሁን፤ በ10 ሚሊሰከንድ መስኮት ውስጥ ሳትደርስ መስኮቱ ይዘጋባታል፣ ሪፖርቱም “ምላሽ የለም” ይላል።

ሕፃን ተኝቶ ሲመረመር ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከ80 ጀምሮ በ10 በ10 እየወረዱ አንዱን ጆሮ መጨረስ ለዓይን ያምራል፤ ሕፃኑ ግን በመካከል ይነቃና ሁለተኛው ጆሮ ባዶ ይቀራል። መካከለኛ መጠን ላይ ሁለቱንም ጆሮ አስቀድሙ፣ ከዚያ እንደ ውጤቱ ውጡ ወይም ውረዱ። እንቅልፍና ማስተኛ መድኃኒት ይህን ምላሽ እምብዛም አይነኩትም፤ የወረደ የሰውነት ሙቀት ግን ያዘገየዋል። ከአንጎል ቅርፊት የሚመጣው፣ ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ የሚታየው ምላሽ ግን በእንቅልፍ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ለተኛ ሕፃን አያገለግልም።

ስለ ክሊኩ አቅጣጫ አንድ ነገር። የጆሮ ታምቡርን ወደ ውጭ የሚስብና ወደ ውስጥ የሚገፋ ክሊክ አለ። ብዙ ሰው ሁለቱን እያፈራረቀ ይቀዳል፣ የማዳመጫው ኤሌክትሪካዊ ረብሻ እንዲጣፋ። ጥሩ ነው፤ ግን ዋጋ አለው። ከውስጥ ጆሮ ፀጉር ሴሎች የሚወጣው፣ የድምፁን ሞገድ እየተከተለ የሚወዛወዘው ማይክሮፎናዊ ቮልቴጅም አብሮ ይጣፋል። የፀጉር ሴሎቹ ሠርተው ነርቩ ግን ሳይናበብ ሲቀር (ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ የሚባለው) በዚህ ቅጂ ላይ የሚታየው ብቸኛ ምልክት ይህ ቮልቴጅ ነውና በማፈራረቅ ብቻ የቀዳ ሰው “ጆሮው ጨርሶ አይሠራም” ብሎ ይደመድማል። ሞገድ ባልታየ ቁጥር በሁለቱም አቅጣጫ ለየብቻ ቅዱና ደራርቡ። ሁለቱ መስመሮች እንደ መስታወት ምስል ከተገለባበጡ፣ ድምፁ ሲቀንስም ቦታቸውን ካልለወጡ ያ ማይክሮፎናዊው ነው። ቱቦው ሲቆነጠጥ ካልጠፋ ግን የማዳመጫው ረብሻ ብቻ ነበር።

ከዚህ ሌላ ሁለት ወጥመዶች፦ ከ12 እስከ 15 ሚሊሰከንድ አካባቢ ድንገት የሚገዝፍ ጉብታ ከጆሮ ጀርባ ያለው ጡንቻ ነው፤ አገጭን ዝቅ አድርጎ አንገትን መደገፍ ያስታግሰዋል። አንዱ ጆሮ ደንቆሮ ሲሆን ደግሞ ከፍ ያለ ድምፅ በአጥንት ተሻግሮ ሌላኛው ይሰማለታል። 1ኛ ሞገድ የሌላት፣ ዘግይታ የምትመጣ ብቸኛ 5ኛ ሞገድ ስታዩ፣ ደኅናውን ጆሮ በሹሹታ ድምፅ ሸፍናችሁ ድገሙ።

እይታ

እዚህ ቀስቃሹ ራሱ የችግር ምንጭ ነው። ጥቁርና ነጭ የዳማ ሰሌዳ ሲገለባበጥ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል፤ አጠቃላይ ብርሃኑ ግን መለወጥ የለበትም። ርካሽ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ነጩ ወደ ጥቁር የሚሄድበትና ጥቁሩ ወደ ነጭ የሚመጣበት ፍጥነት ስለሚለያይ በየመገልበጡ ለቅጽበት ብልጭታ ይፈጠራል። የምትለኩት የቅርፅ ምላሽ መስሏችሁ የብልጭታ ምላሽ ትቀዳላችሁ። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ምስሉን ግራጫ እስኪመስል በሚያደበዝዝ ወፍራም መስታወት ሸፍናችሁ ቅዱ፤ ምላሽ ካለ ስክሪኑ ያታልላል።

የስክሪን መዘግየትም አለ። ኮምፒውተሩ “አሁን ገልብጥ” ካለበት ቅጽበት እስከ ብርሃኑ ድረስ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያልፍ ይችላል። የምርመራው ፍርድ በ10 ሚሊሰከንድ ልዩነት በሚወሰንበት ቦታ ይህ ቀልድ አይደለም። ስክሪኑ መሃል ላይ ብርሃን የሚለካ ዳዮድ (ፎቶዳዮድ) ለጥፉና ከማስነሻ ምልክቱ ጋር በአንድ ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ በሚያሳይ መሣሪያ እዩ። መሃሉ መሆኑ ምክንያት አለው፤ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ስለሚሳል በ60 ኸርዝ የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው በ16 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ስክሪን በተለወጠ ቁጥር ልኬቱ እንደገና ነው፣ የጤነኛ ሰዎች ማነጻጸሪያ ቁጥርም እንደገና።

መመዘኛው የሚለው ይህ ነው፦ ትላልቅ ባለ 1 ዲግሪ ካሬዎችና ትናንሽ ባለ 15 ደቂቃ፣ ማለትም ሩብ ዲግሪ ካሬዎች፤ የብርሃን አማካይ በካሬ ሜትር 50 ካንዴላ፣ ንፅፅር ከ80 በመቶ ያላነሰ፣ ስፋት ቢያንስ 15 ዲግሪ። ተመርማሪው 1 ሜትር ላይ ከተቀመጠ 1 ዲግሪ 1.75 ሴንቲሜትር፣ ሩቡ 0.44 ሴንቲሜትር፣ 15 ዲግሪው 26.3 ሴንቲሜትር ነው። ወንበሩ ወደፊት ቢንፏቀቅ ካሬው ያድጋል፤ ስለዚህ ርቀቱን ከዓይን እስከ ስክሪን ለኩ፣ ወለሉ ላይም ምልክት አድርጉ። ማጣሪያው ከ1 እስከ 100 ኸርዝ፣ መስኮቱ ቢያንስ 250 ሚሊሰከንድ፣ ቁራጩ ቢያንስ 50፣ ሁለት ጊዜ። 100 ቁራጭ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

አንድ ዓይን በአንድ ጊዜ። ሌላው በማይጫን ግን ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ይሸፈን። መነጽር ያለው መነጽሩን ያድርግ። የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አይደረግ። የሁለቱ ብሌን ስፋት ከተለያየ ይጻፍ፦ ጠባብ ብሌን ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል፣ ብርሃን ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ደግሞ ምላሹ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ሊዘገይ ይችላል።

የሚጠበቀው ሞገድ 75 ሚሊሰከንድ አካባቢ ወደ አሉታዊ፣ 100 አካባቢ ወደ አዎንታዊ፣ 135 አካባቢ ተመልሶ ወደ አሉታዊ ይሄዳል። ፍርዱ የሚሰጠው በመካከለኛው፣ ፒ100 በሚባለው ነው። ሃሊደይ፣ ማክዶናልድና ሙሺን በ1972 የእይታ ነርቭ ብግነት ባለባቸው ሰዎች ይህ ሞገድ እንደሚዘገይ አሳዩ፤ መዘግየቱ እይታው ከተመለሰም በኋላ መቆየቱ ነው ምርመራውን ያስከበረው። ግን ስንት ሲሆን ነው “ዘገየ” የሚባለው? መልሱ በየመሣሪያው ይለያያል። ከመጽሐፍ የተቀዳ ድንበር አትጠቀሙ። በራሳችሁ ስክሪን፣ በራሳችሁ ክፍል በየዕድሜው ጤነኛ ሰዎችን ለክታችሁ ድንበር አውጡ። እስከዚያ ድረስ የአንዱን ሰው ሁለት ዓይኖች ማወዳደር ከሁሉ ይሻላል፤ ስክሪኑም፣ የራስ ቅሉም፣ ዕድሜውም ለሁለቱ አንድ ነውና።

ትናንሾቹ ካሬዎች ብቻ ዘግይተው ትላልቆቹ ደኅና ከሆኑ ነርቩን ከመክሰስ በፊት መነጽሩን ፈትሹ፤ የደበዘዘ ምስል መጀመሪያ የሚበላው ትናንሾቹን ነው። የመዘግየቱ ምንጭ ሬቲናም ሊሆን ይችላል። የማኩላ (የሬቲናው መሃል) ሕመም ያለበት ዓይንም ፒ100ን ስለሚያዘገይ፣ የሬቲናው ምላሽ ሳይለካ “የነርቭ ችግር” ብሎ መጻፍ ጥድፊያ ነው።

ተመርማሪው ምን እያየ እንደሆነ የሚነግራችሁ አማካዩ አይደለም፤ ያልተደመረው ኢኢጂ ነው። ኦዜድ ላይ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ የሚወዛወዝ አልፋ ከጎላ ሰውዬው ወይ እያንጎላጀ ነው፣ ወይ በምስሉ ውስጥ አሻግሮ እያየ ነው። አልፋ ትልቅ ስለሆነ በ50 ቁራጭ አይጠፋም፤ የቀረውም ከ100 ሚሊሰከንድ የማይርቅ የሚያምር ጉብታ ሊሠራ ይችላል። አቁሙ፣ አነጋግሩት፣ እንደገና ጀምሩ። መሃል ላይ ያለችውን ነጥብ ካለማየት የመጣን መዘግየት ማንም ሶፍትዌር አይለይም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ዓይኑን ይከታተል።

አንዳንድ ሰው ላይ ፒ100 ለሁለት ተሰንጥቆ ይመጣል። አንዱን ጫፍ በዘፈቀደ መርጦ ቁጥር መጻፍ አይገባም። የካሬውን መጠን ለውጡ፣ ወይም ግማሹን ስክሪን ብቻ አሳዩ፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይለያል።

ሕፃን ወይም ሞራ ዓይኑን የጋረደው ሰው ዳማ ሰሌዳ ማየት ካልቻለ ብልጭታ ይቀራል፦ 3 ካንዴላ ሰከንድ በካሬ ሜትር፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል። በተዘጋ የዓይን ቆብም ያልፋል። የሰውና የሰው ልዩነቱ ግን ሰፊ ስለሆነ የሚመልሰው ጥያቄ “ብርሃኑ አንጎል ደርሷል ወይ?” የሚለውን ነው፤ ስለ ጥቂት ሚሊሰከንድ መዘግየት አትጠይቁት። የተሸፈነው ዓይን በድርብ ይሸፈን፣ ብልጭታ በትንሽ ቀዳዳ ይገባል።

ትኩረትን ሲለኩ

ፒ300፣ ከ300 ሚሊሰከንድ አካባቢ ጀምሮ የሚታየው አዎንታዊ ሞገድ፣ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ሳሙኤል ሰተንና ባልደረቦቹ በ1965 ያሳተሙት ይህ ሞገድ የሚመጣው ሰውዬው እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ሲጠብቅ ነው። የተለመደው አሠራር 80 በመቶ 1000 ኸርዝ፣ 20 በመቶ 2000 ኸርዝ ቃና አደባልቆ በየ1.5 ሰከንዱ ማሰማትና ብርቅዬውን በልቡ እንዲቆጥር መጠየቅ ነው። 40 ብርቅዬ ለማግኘት 200 ቃና፣ ማለትም አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። የሚጎላው ፒዜድ ላይ፣ ከአናት ወደ ኋላ ነው። ማጣሪያው ከ0.1 እስከ 30 ኸርዝ፤ የታችኛውን ድንበር ወደ 1 ኸርዝ ማሳደግ ይህን ዘገምተኛ ሞገድ ያሳጥረዋል። ዓይን አጠገብ ኤሌክትሮድ ይኑር፣ ሰው ብርቅዬው በመጣ ቁጥር የመርገብገብ ልማድ አለውና። የቆጠረውንም ጠይቁት፦ 40 ሆኖ ሳለ 31 ያለ ሰው ሞገዱ ቢያንስ አይገርምም።

እዚህ ላይ በጽሑፎችም የሚታይ ስህተት አለ። የ40 ብርቅዬ አማካይ ከ160 ተራ ቃና አማካይ በሁለት እጥፍ ይረበሻል። ከተረበሸው መስመር ላይ ከፍተኛውን ጫፍ ብትመርጡ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ምላሽ ባይኖርም። ከጫፉ ይልቅ ለምሳሌ ከ280 እስከ 400 ሚሊሰከንድ ያለውን አማካይ ከፍታ ውሰዱ፣ ወይም ከተራዎቹ 40ውን ብቻ በዕጣ መርጣችሁ አወዳድሩ።

ወረቀቱ ላይ

ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የድምፁ ወይም የካሬው መጠን፣ ፍጥነቱ፣ የክሊኩ አቅጣጫ፣ ማጣሪያው፣ ኤሌክትሮዶቹ የት እንደነበሩ፣ ስንት ቁራጭ እንደተደመረና ስንቱ እንደተጣለ ይጻፍ። አዎንታዊ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች በቀስት ይመላከት፤ በዚህ ላይ ቤተ ሙከራዎች አይስማሙም፣ ተገልብጦ የተነበበ ፒ100ም ያጋጥማል። ሁለቱም ቅጂዎች ተደራርበው ይታተሙ፣ አማካያቸው ብቻውን አይበቃም። የተቆነጠጠው ቱቦ ቅጂም በዚያው ገጽ ላይ፣ በተመሳሳይ የማይክሮቮልት ልኬት ይቀመጥ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው እየለጠጠ ስክሪኑን የመሙላት ልማድ ስላለው፣ ልኬቱ ካልታሰረ ባዶውም እንደ ሙሉው ገዝፎ ይታያል።